የሐምሌ ብርድ፣ የከሰል ምድጃና የቤታችን ወጪ

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ ከሴቶች ክፍል የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ከሴቶች ክፍል አንድ ሰው “ኑሯችን በናይሮቢ” በሚል እንዲናገር ሲወስን ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞች ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርትና ስለ ዕድራችን በሚገባ ስላስረዱ ያንን አልደግመውም። እኔ የመረጥኩት ርእስ ዝቅ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። በዚህ ከተማ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ብርዱ ሲመጣ ቤታችንን በምን እንደምናሞቅና ይህም ከኪሳችን ምን እንደሚያስወጣ ነው የምናገረው። ርእሱን ስነግራቸው ከኮሚቴው አባላት አንዱ “እትዬ፣ ይሄ ለኢዮቤልዩ ይሆናል?” ብሎኝ ነበር። ይሆናል አልኩት። ለምን እንዳልኩት ወደ ኋላ ትሰሙታላችሁ።

እኔ ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ብርድ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥልና ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ናይሮቢ ግን ከምድር ወገብ ከአንድ ዲግሪ ብዙም ያልራቀች፣ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ጋር እንኳ ብትነጻጸር በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በዚህ ሂሳብ ነው እንግዲህ እኔ እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ ስሰደድ “ኬንያ ሙቀት ነው” ተብዬ ጋቢዬን ሞያሌ ላይ ለአንዲት ሴት ሰጥቼ የመጣሁት! በመጀመሪያው ሐምሌ ያንን ጋቢ እንደ ሰው ነው የናፈቅኩት።

ለምን ይበርደናል? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የአገራችን የበጋ ብርድ የጠራ ሰማይ ብርድ ነው፤ ሌሊቱን ያንቀጠቅጥሃል፣ ጠዋት ግን ፀሐይ ይወጣና ከቤትህ ደጃፍ ተቀምጠህ ትሞቃለህ። የናይሮቢ ሐምሌ እንዲህ አይደለም። ደመናው እንደ ክዳን ከተማዋ ላይ ይቀመጣል፣ ፀሐይ ለቀናት ላይታይ ይችላል፣ ካፊያው ጠዋትና ማታ ይላል። ሌሊት ሙቀቱ እስከ 10 ወይም 12 ዲግሪ ይወርዳል፣ ቀን ደግሞ 21 እና 22 ከደረሰ ትልቅ ነገር ነው። ቁጥሩ ሲሰማ የሚያስፈራ አይደለም፤ አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ስንነግራቸው ይስቁብናል። ነገር ግን የእነሱ ቤት ማሞቂያ አለው። የእኛ ቤት ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ መስኮቱ አንድ ስስ መስታወት ያለው ብረት ነው፤ ከመስኮቱም በላይ ነፋስ እንዲገባ ተብሎ ሆን ተብሎ የተተወ ቀዳዳ አለ። ቤቶቹ የተሠሩት ለጥርና ለየካቲት ሙቀት እንጂ ለሐምሌ አይደለም። እንግሊዞች የሠሯቸው በካረንና በላቪንግተን ያሉ አሮጌ ቤቶች የጭስ መውጫ ያለው የግድግዳ ምድጃ አላቸው፤ እኛ አብዛኞቻችን የምንኖረው ግን እዚያ አይደለም። በቆርቆሮ ቤት የሚኖሩትማ የውጭው ብርድ እንዳለ ነው የሚገባባቸው። አገሬው ብርዱን “ባሪዲ” ይለዋል። ቃሉ ወደ ስዋሂሊ ከዐረብኛ የገባ ሲሆን ከእኛው “ብርድ” ጋር ዘመድ ነው። በስሙ እንኳ ተከትሎን መጥቷል።

አሁን ይህን ርእስ ለምን እንደመረጥኩ ልናገር።

እ.ኤ.አ. በ2000 ኬንያ ከባድ ድርቅ ነበረባት። ግድቦቹ ውኃ ስላጡ መብራት በፈረቃ ሆነ፤ በሐምሌ ወር ቀኑን ሙሉ ሳይኖር ይውልና ማታም የማይመጣበት ጊዜ ብዙ ነበር። እኛ ኢስሊ ውስጥ በአንዲት ክፍል ነበርን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ከአገር ቤት አዲስ የመጣች የባለቤቴ እህትና ሰባት ወር የሞላው የመጀመሪያ ልጃችን። ልጁ ጉንፋን ይዞታል፣ ሌሊት ይስላል። አንድ ማታ በረንዳ ላይ ቡና አፍልተን ስንጨርስ ጂኮው ውስጥ የቀረው ፍም አሳዘነኝ። ከሰሉ ጭሱ ወጥቶለታል፣ ቀይ ሆኖ አመድ ለብሷል፤ ሽታ የለው፣ ጭስ የለው። ወደ ውስጥ አስገባሁት። ከመስኮቱ በላይ ያለውን ቀዳዳ ከሳምንት በፊት በጋዜጣ የጠቀጠቅኩት እኔው ነኝ። በሩ ሥር ፎጣ አደረግን። አጠገቡም ውኃ በሳህን አስቀመጥኩ፤ ውኃው መጥፎውን ነገር ይስበዋል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስለሰማሁ ነው። ክፍሉ ደስ የሚል ሙቀት ሆነ። ከመተኛታችን በፊት ራሴን አመመኝ፣ “ምች ነው” አልኩ። የባለቤቴ እህትም “እኔንም” አለች። ተኛን።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ጎረቤታችን የሆነች ኪኩዩ እናት በሩን መደብደብ ጀመረች። በዚያ ግቢ ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ስለነበር የሰማ ሰው ሌላውን መቀስቀስ ደንብ ነው። “ማጂ! ማጂ!” እያለች ትጮኻለች። እኔ ድምፁን እሰማዋለሁ፣ ነገር ግን እጄን ማንሳት አቃተኝ። ለበሩ ቅርብ የነበረችው የባለቤቴ እህት ተነሣች፣ ወደቀች፣ ከዚያ በደረቷ ተስባ መቀርቀሪያውን ከፈተችው። ያቺ ሴት ባልዲዋን ጥላ ገባች። መጀመሪያ ያወጣችው ልጁን ነው። ልጁ እንደ ጨርቅ ተልፈስፍሶ ነበር። ሐኪም ቤት ኦክስጅን ሲሰጡት አድረው አረፋፍዶ አለቀሰ። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት በዚህ አዳራሽ ወንበር ሲደረድር ያያችሁት ረጅሙ ልጅ እሱ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አልነግራችሁም ነበር። እኔ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ልጄን በገዛ እጄ ልገድል ነበር ብሎ መናገር አሳፈረኝ፤ ሊጠይቁን ለመጡት ሁሉ “ምች መታን” አልን። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ፣ ከእኛ ሁለት መንገድ ወዲያ ብቻውን የሚኖር አንድ ወጣት በተከራየባት ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ጂኮው አልጋው ሥር ነበር። ወላጆቹ አገር ቤት ናቸው። ያኔ ማኅበራችን ገና መቋቋሙ ነበርና ለቀብሩ ገንዘብ ከቤት ቤት እየዞርኩ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ላንጋታ ቀበርነው። ስሰበስብ ሰዎች “እንዴት አንድ ሰው እንኳ አልነገረውም?” ሲሉ አብሬያቸው ራሴን እነቀንቅ ነበር። እህቶቼ፣ ያ ልጅ ቡና ሲያምረው እኛ ቤት የሚመጣ ልጅ ነበር።

እንግዲህ የሆነው ምን እንደሆነ ኋላ ላይ አንድ ሐኪም አስረድቶኛል፤ እኔም በአቅሜ አንብቤያለሁ። ከሰል አየር ሳይበቃው ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ጭስ አይደለም፤ ስለዚህ ጭሱ ጠራ ማለት እሱ ጠራ ማለት አይደለም። አመድ የለበሰው፣ ለስለስ ያለው፣ እኛ “አሁን አይጎዳም” የምንለው ፍም በደንብ ያመነጨዋል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። በዚህ የተነሣ ሰውዬው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ነው፤ የነቃ ሰው ምች ይለዋል፣ የተኛ ሰው ምንም ሳይለው ያልፋል። በሳህን የሚቀመጠው ውኃ ምንም አያደርግም። ጨው መበተን፣ ሎሚ ማድረግ፣ ዕጣን ማጨስም እንደዚሁ። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ወደ ውጭ ሲወጣም ከተሻለው፣ ምች አይደለም። ያን ጊዜ በርና መስኮት መክፈት፣ ሰዉን ማውጣት፣ ጂኮውን ማውጣት፣ 999 ወይም 112 መደወልና ኦክስጅን ወዳለበት ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ቢሻለውም መታየት አለበት።

ይህ የእኛ የሐበሾች ነገር ጭምር ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው። ኬንያውያን ጎረቤቶቻችን ጂኮ የሚያነዱት ለምግብ ነው፤ ከበሰለ በኋላ ትተውት ይሄዳሉ። እኛ ግን ከፍሙ ጋር እንቀመጣለን። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ዕጣኑ አለ፣ ጨዋታው አለ። አራስ ቤት ደግሞ ተመልከቱ። አራስ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በርና መስኮት ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል፤ ሕፃኑ በዚያ መካከል ነው። ለቅሶ ቤትም ሌሊቱን ሙሉ ሰው ተጨናንቆ ጂኮ ሁለትና ሦስት ይገባል። በአገራችን አሮጌው የገጠር ቤት ጣሪያው ሣር ስለነበር ጭሱም ጋዙም በሣሩ መካከል ይወጣ ነበር፤ ይህም ቢሆን የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ አልማረም። ባሕሉን ይዘን ቤቱን ለወጥን። በአዲስ አበባም በብርዱና በክረምቱ ወራት “በከሰል ጭስ ታፍነው ሞቱ” የሚለውን ዜና የማንሰማበት ዓመት የለም።

ቡናውን እንተው አላልኩም፤ እንዲህ ያለውን ማን ይሰማኛል? በረንዳ ላይ፣ በር ላይ፣ መስኮት ከፍቶ ይፈላ ነው የምለው። ሲፈላም ቡናው አልቆ ሰው ሲበተን ፍሙ አብሮ ይውጣ።

ወደ ወጪው ልምጣ፤ ሰው ጂኮውን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ሞኝ ስለሆነ ሳይሆን ሌላው ማሞቂያ ስለሚወደድበት ነውና። እኔ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቤቴን ወጪ በደብተር እጽፋለሁ፤ ባለቤቴ “የገንዘብ ሚኒስቴር” ይለኛል። ከደብተሬ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ከሰል ርካሽ ነው የሚባለው በቆርቆሮ ስለምንገዛው ነው። በየቀኑ አንድ አንድ ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው ወሩ ሲያልቅ ጆንያ ሙሉ ከገዛው ሰው አብልጦ ከፍሏል። (እነሱ ጉኒያ፣ እኛ ጆንያ፤ ይህም ሌላው ዘመድ ቃል ነው።) እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 መንግሥት ከመንግሥትና ከማኅበረሰብ ደኖች ዛፍ መቁረጥን ባገደ ጊዜ የከሰል ዋጋ እንዴት እንደዘለለ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ በደብተሬ ላይ ወደ ድሮው ዋጋ ተመልሶ አላየሁትም። ላምባም የድሃ ነዳጅ መሆኑ ቀርቷል፤ በዚያው ዓመት በመስከረም በሊትር 18 ሽልንግ ቀረጥ ተጨመረበት። ዋጋውን በየወሩ በ14ኛው ቀን የኢነርጂና የነዳጅ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስለሚያወጣ እሱን ማየት ነው። የላምባ ምድጃም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከጂኮ ያልተሻለ አደጋ አለው።

ጋዝ ለምግብ ማብሰያ እጅግ ጥሩ ነው። ግብሩም ወጥቷል፣ ወርዷል፦ በ2016 ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ የነበረው በሐምሌ 2021 16 በመቶ ተጣለበት፣ በ2022 ወደ 8 ወረደ፣ በሐምሌ 2023 ደግሞ ተነሣ። ለማሞቂያ ሲሆን ግን የ13 ኪሎው ሲሊንደር ሳይታወቅ ያልቃል፤ አየርም ይበላል፣ መስኮት ካልተከፈተ አይሆንም። ሲሊንደሩን ከማይታወቅ ሰው በርካሽ የምትገዙ ደግሞ በየካቲት 2024 መጀመሪያ ኤምባካሲ ውስጥ የፈነዳውን ፈቃድ የሌለውን የጋዝ መሙያ አስታውሱ።

መብራቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሂሳቡ ብዙ ሰው የማያስበው ነውና። የተለመደው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 2,000 ዋት ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ቢሠራ በአንድ ማታ 8 ዩኒት፣ በወር 240 ዩኒት ይበላል። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ታሪፍ በወር እስከ 30 ዩኒት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን፣ እስከ 100 የሚጠቀም መካከለኛውን፣ ከዚያ በላይ የሚጠቀም ከፍተኛውን ዋጋ ይከፍላል። ያውም የሚታየው የአንድ ወር ሳይሆን የሦስት ወር አማካይ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ያሞቃችሁት ቤት ብርዱ ካለፈ በኋላ በመስከረምም ያስከፍላችኋል። “ቶክን ሌቦች ናቸው፣ ያው ብር ገዝቼ ዩኒቱ አነሰኝ” እያላችሁ የምትደውሉልኝ እህቶች ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ቅጽበታዊው የሻወር ማሞቂያም እንዲሁ 5,000 ዋት አካባቢ ስለሚስብ አንድ ሰው አሥር ደቂቃ ሲታጠብበት አንድ ዩኒት ገደማ ይሄዳል። አምስት ሰው በየቀኑ ከታጠበ ይኸው በወር ወደ 130 ዩኒት ይጠጋል። ወንዶች ልጆቻችን ግማሽ ሰዓት ሲዘፍኑበት ደግሞ እናንተው አስሉት።

አሁን ከዚህ ጋር አነጻጽሩልኝ። 100 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ከመኝታ በፊት ሁለት ሰዓት ቢሰካ በወር 6 ዩኒት ነው። ሁለት የጎማ የሙቅ ውኃ መያዣዎችን የሚሞላ ሦስት ሊትር ውኃ በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ በየማታው ማፍላት በወር 10 ዩኒት ገደማ ነው። 240 ወዲያ፣ 6 ወይም 10 ወዲህ። ልዩነቱ ያለው ማሞቂያው ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና በቀዳዳው የሚወጣውን አየር ሲያሞቅ፣ ጎማው ግን ሰውየውን ማሞቁ ላይ ነው። ይህን ደግሞ አያቶቻችን ያውቁታል። በመንዝና በተጉለት ማንም ቤት አያሞቅም፤ ባናውን፣ በርኖሱንና ደበሎውን ደርቦ፣ ከከብቱ ትንፋሽ ብዙ ሳይርቅ መደቡ ላይ ይተኛል። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ በመላው ኢትዮጵያ የታወቀው በከንቱ አይደለም።

እኔ ራሴ ከ2000 በኋላ የለመድኩትን ልንገራችሁ። ቡናው በረንዳ ላይ እንዳለቀ በቀረው ፍም ላይ ትልቁን ማንቆርቆሪያ እጥደዋለሁ። ፍሙ አያሳዝነኝም፤ ሙቀቱን ከሰሉ ራሱ ሳይገባ በውኃ አድርጌ ነው ወደ ቤት የማስገባው። ውኃው ፔርሙዝ ውስጥ ይገባል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ጎማዎቹ ይሞላሉ፣ በፎጣ ተጠቅልለው ከልጆቹ እግር ሥር ይሆናሉ። ዋጋው ምንም ነው። የፈላ ውኃ ግን እንዳለ አይገባም፤ ትንሽ በርዶ ነው። ሕፃን ከሆነ ደግሞ አልጋውን አሙቃችሁ ልጁን ከማስተኛታችሁ በፊት አውጡት። ሌላው ቀላል ነው፦ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ፍራሹ ሥር ካርቶን፣ ወፍራም መጋረጃ፣ በበሩ ሥር ጨርቅ። ከጊኮምባና ከቶይ ገበያ የተመረጠ ሹራብና ጃኬት ከአንድ ወር የማሞቂያ ዩኒት በብዙ ይረክሳል። ከመስኮቱ በላይ ያለውን ቀዳዳ ግን እባካችሁ አትድፈኑ። እኔ የደፈንኩት እሱን ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ይህ ወገቧ ቀጠን ያለ፣ ውስጧ ሸክላ፣ ውጭዋ ቆርቆሮ የሆነች የኬንያ ጂኮ እዚሁ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከታይላንድ የባልዲ ምድጃ ተወስዳ የተሻሻለች ናት። ከድሮው የብረት ጂኮ ጋር ስትነጻጸር ሲሶ ያህል ከሰል ትቆጥባለች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገራችን ሄዳ “ላቀች” ተባለች። አዲስ አበባ ስትሄዱ “የእኛ ላቀች” እያላችሁ የምትሸከሟት ምድጃ ናይሮቢ የተወለደች ናት ማለት ነው። ከኅዳር 2022 ወዲህ ደግሞ የእኛ መብራት ወደዚህ መጥቷል፤ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በተዘረጋው መስመር ኬንያ መጀመሪያ 200 ሜጋ ዋት መግዛት ጀመረች። እና ማንቆርቆሪያዬን ስሰካ አንዳንዴ ይህ የኦሞ ውኃ ይሆን እላለሁ። ላቀች ከሰል ትቆጥባለች እንጂ ጋዙን አታጠፋም፤ ይህንንም እንዳትረሱ።

በመጨረሻ የሴቶች ክፍሉ ተነጋግሮበት ለጉባኤው የሚያቀርበው ነገር አለ። ከካኩማ ወደ ናይሮቢ የሚመጡ ልጆች ከዚያ ከሚያቃጥል ሙቀት በአንድ ቲሸርት ነው የሚወርዱት፤ በሞያሌ የሚመጡትም እንደ እኔ “ኬንያ ሙቀት ነው” ተብለው ነው። ጂኮ ይዞ የሚተኛው ብርድ ልብስ የሌለው ሰው ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ግንቦት ሲያልቅ ከእያንዳንዱ አባል ቤት አንድ ብርድ ልብስ ወይም የአንዱን ዋጋ እንሰብስብ፤ አዲስ የመጣ ሰው ሲመዘገብ ከመታወቂያው ጋር ብርድ ልብስና አንድ የውኃ ጎማ ይሰጠው። ዕድራችን አራስም ሆነ ለቅሶ ሲጠይቅ ጂኮ በቤት ውስጥ እንዳያድር የሚያይ አንድ ሰው ይመደብ። ሰውየው ቢሰደብም ይችለዋል፤ እኔ በዚህ ዓመት ተመድቤ ሁለት ጊዜ ተሰድቤያለሁ። አሜሪካና አውሮፓ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ አስልኩ። ሽቶና ጫማ ከመላክ ይቀላቸዋል።

ብርድ ልብስ የሚመዘገበው በግራ በኩል በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ሲሆን፣ መዝገቡን የያዘው ያው ልጄ ነው። ቡናው ዛሬ የሚፈላው በረንዳ ላይ ነው፤ ብርድ ነው ብላችሁ ወደ ውስጥ አስገቡት እንዳትሉን፣ ጋቢ ለብሳችሁ ውጡ።